የዘርኒጋር የፊት ጎማ

ማርች 29

ጎማዎቹ ዛሬ ደረሱ። ከጊልጊት በመጣው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከድንች ጆንያ ጋር ታስረው ነው የመጡት። ዘርኒጋር አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ትከሻዋ አንጠልጥላ ዳገቱን ስትወጣ መንደሩ ሁሉ አያት። ካላማዳሪ የማይፈልግ ጎማ ነው። ራሱ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ አየር ይይዛል፤ ውስጡ የሚጨመረው ነጭ ፈሳሽ ደግሞ እሾህ ሲወጋው ቀዳዳውን ይደፍናል። ባለፈው ዓመት የወንዙ ዳር እሾህ አሥራ አንድ ጊዜ አስተንፍሶባት ብስክሌቷን እየገፋች ገብታለች።

ውድድሩ ሜይ 17 ነው። ከላይኛው ግጦሽ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ቁልቁል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ከሆነች ለአገሩ ቡድን ሥልጠና ትጠራለች። ከዚህ መንደር ሴት ቀርቶ ወንድ ተጠርቶ አያውቅም።

እናቷ ጉል አንዳም በረንዳው ላይ ጎማዎቹን ስታይ ቀሚሷን ሰብስባ በሩቁ ዞረቻቸው። "ጎማ ከዚህ ቤት አንድ ሰው በልቷል" አለች። "አልበቃውም?"

"በእኔ ይሁንብሽ" አልኳት። "እኔ ራሴ ነኝ የምገጥመው። የሌላ ሰው እጅ አይነካውም።"

ወንድሜ ጎሃር ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሚስቱና ልጁ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ናቸው። እኔ አላገባሁም፤ ትምህርት ቤቱና እነዚህ ሁለቱ ናቸው ቤቴ።

ኤፕሪል 2

አልሆነም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በእጅ ፖምፓ ነፋሁ። አየሩ በዚህ ሲገባ በዚያ ይወጣል።

ኤፕሪል 3

ዛሬም አልሆነም። ወገቤን።

ኤፕሪል 7

ችግሩ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ከንፈር ላይ ዘሎ እንዲቀመጥ አየሩ ባንድ ጊዜ፣ በኃይል መግባት አለበት። ፖምፓዬ ደግሞ እንደ አሮጊት ነው የሚተነፍሰው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ስለ ግፊት ሳስተምር፤ አሁን ግፊት ራሱ እኔን እያስተማረኝ ነው።

ዘርኒጋር ከተራራው ጦስኝ የሚፈላውን ቱሙሩ ሻይ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "አጎቴ፣ ዳውላት ጋ ብንወስደውስ? ኮምፕሬሰር አለው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።"

"የአባትሽን ጎማ የለጠፈ እጅ ያንቺን አይነካም።"

"እሱ እኮ መንገድ ላይ ባየኝ ቁጥር ሰላም ይለኛል።"

"ይበልሽ። ሰላምታ ጎማ አይነፋም።"

ስኒውን አጠገቤ አስቀምጣ ተነሳች።

ዳውላት ትልቁ መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ነው። ጎሃር በሞተበት ጠዋት የጂፑን ጎማ ያየው እሱ ነው። ጎማው ገደሉ አፍ ላይ ፈነዳ፤ ጂፑ ወንዝ ገባ። በቀብሩ ቀን በሰው ሁሉ ፊት "ገዳይ" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ንጹሕ ሰው መልስ አያጣም ብዬ አስብ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው። ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ሳልፍ በማዶ በኩል ነው የምሄደው።

ኤፕሪል 11

ዘርኒጋር በስልኳ አንድ ብልሃት አየች። ትልቅ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኑን በስተን ሁለት ቱቦ አስገባን። ጠርሙሱን በፖምፓ እንሞላዋለን፣ ቱቦውን ቆንጥጠን እንይዛለን፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ወደ ጎማው እንለቀዋለን። ከቫልቮላው ውስጥ መርፌዋንም አወጣሁ፣ አየሩ ሰፊ በር እንዲያገኝ። የጎማውን ዙሪያ በገመድ ጠፍሬ ከቸርኬው ጋር አስጠጋሁት። ጠርዙን ሳሙና ቀባሁት።

ቱቦው ከእጄ አምልጦ ግቢውን ሁሉ እየገረፈ ዞረ። የጉል አንዳም ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ዘርኒጋር ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዓመት ይሆነዋል።

ግን አልሆነም። የእኛ ንፋስ ሳሙናውን ጠርሙሱ ሳይሞላ ያደርቀዋል። በአንድ በኩል ሲቀመጥ በሌላው ይለቃል።

ኤፕሪል 13

ሆነ።

ጧ አለ፣ ከዚያ ጧ። ሁለቱም። የአፕሪኮቶቹ አበባ ግቢው ላይ እየረገፈ ነበር፣ ዘርኒጋር ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም ነበር፣ እኔ ብቻዬን እጄን አጨበጨብኩ። ትናንት ጎማዎቹን ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመትቻቸው ነበር። የቀረውን ደግሞ ራሴ ፈጠርኩት። ሳሙናው ከደረቀ የማይደርቅ ነገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ቤት የማይደርቅ ነገር ሞልቷል። የጉል አንዳምን አረንጓዴ ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረድኩ። የአፕሪኮት ፍሬ ዘይት ነው፣ ባለፈው መኸር በእጇ የጨመቀችው። ሦስት ማንኪያ ለፊተኛው፣ ሦስት ለኋለኛው። ጠርዙ እንደ ዓሣ ተንሸራቶ ገባ።

ለዘርኒጋር "በሳሙና ነው" አልኳት። ረጅም ማብራሪያ አልፈለግኩም።

በዚህ ብልሃቴ ኮርቻለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ኤፕሪል 20

ጉል አንዳም ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየች። "ዘይቴን ማን ጨለጠው?"

"ጉልበትሽ ነዋ" አልኳት። "በክረምቱ ስንቴ ነው የታሸሽው?"

አላመነችኝም። ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

ሜይ 3

ዘርኒጋር ከልምምድ መጣች። የወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ብስክሌቷ ሲጋደም የፊት ጎማዋ "ፕፍ" ብሎ አየር ተፋ፤ ነጩ ፈሳሽ እግሯ ላይ ተረጨ። አልወደቀችም።

"ምን ይሆን አጎቴ?"

"አጋድመሽዋል። ሰውነትሽን ቀና አድርጊ።"

"እንደ ሁልጊዜው ነው የታጠፍኩት።"

"ትንሽ አየር እንጨምርለታለን።"

ጨመርኩለት። ጠርዙን በአውራ ጣቴ ስጫነው ቀለል ብሎ ተንቀሳቀሰ። አዲስ ጎማ እስኪላመድ እንደዚያ ነው። እንደዚያ ነው መሰለኝ። ዛሬ የአሥራ ሁለት ተማሪ ፈተና ማረም አለብኝ።

ሜይ 9

ጎማውን ፈትቼ እንደገና ልገጥመው አስቤ ነበር። ግን ከሆነ ነገር ጋር ምን ያታግለኛል? እንደገና ባይሆንስ? ውድድሩ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ደግሞ ምን ብዬ ነው የምፈታው? ጠይቃኝ ምን ልላት ነው?

ሜይ 16

ነገ ነው። ጉል አንዳም ፊቲ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቀለለችላት። ልጅቷን ሳይሆን ብስክሌቱን ነው የምታየው። "በአንተ ነው" አለችኝ።

ሜይ 17

ወደቀች። የወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ። ሁለተኛ ሆና ነበር የምትወርደው።

ሜይ 19፣ ጊልጊት

የትከሻዋ አጥንት ለሁለት ተሰብሯል። ፊቷ በቀኝ በኩል ተልጧል። ሐኪሙ ዘጠኝ ሳምንት አለ። ሰንበር ባለበት ፊቷ ልትስቅልኝ ሞከረች፤ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።

ጉል አንዳም አልጮኸችም። እንዲያውም ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዘርኒጋር ሐኪሙን ስታዋራ ሰማኋት። "እጄ ነው ያጠፋው" አለችው። "ፍሬኑን ያዝኩት መሰለኝ። መሪው በድንገት ከእጄ ሸሸ። እዚያ መታጠፊያ ላይ ስንት ጊዜ ተለማምጃለሁ፣ እጄ ከዳኝ።"

ሐኪሙ "ያጋጥማል" አላት።

እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር።

ሜይ 22

ብስክሌቱን ወደ ቤት አመጡት። የፊት ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ እንደ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። ሰው ሳይነካው አጠብኩት። በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ፤ ቸርኬውን በአመድም ፈተግኩት። ጭቃ ነበረበት። ለንጽሕና ነው።

ሜይ 30

በመስኖው ቦይ ዳር ሴቶቹ ልብስ እያጠቡ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ "ልጅቷ ፈርታ ነው አሉ፣ ሲደርሱባት እጇ ተንቀጠቀጠ" አለች። ሌላዋ "የአባቷ ደም ነዋ፣ ጎማ አይሆንላቸውም" ብላ ሳቀች።

ቆሜ ልመልስላቸው ፈለግኩ። ምን ብዬ? ሰላም ብያቸው አለፍኩ።

ሰባተኛ ክፍል ዛሬ ሰበቃ ነበር የማስተምረው። ሁልጊዜ እንደማደርገው ሁለት ሰሌዳ አጋድሜ አንዱን ዘይት ቀባሁ፤ እንጨቱን ለቀቅኩት። ሽው ብሎ ወረደ። "ዘይቱ ሲደርቅስ መምህር?" አለች አንዲት ልጅ ከኋላ። "ዘይት አይደርቅም" አልኳት። ከዚያ ደወሉ ሳይደወል ክፍሉን ለቀቅኩ። ራሴን አሞኝ ነበር።

ጁን 8

የቼሪው ፍሬ ደረሰ። ዘርኒጋር በአንድ እጇ እየለቀመች ሳለ እጇን ዘረጋችና ጣቶቿን ታያቸው ጀመር፤ ስትከፍት፣ ስትዘጋ። የማን እጅ እንደሆነ ያላወቀች ትመስላለች።

"አሁንም ያምሻል?"

"አያመኝም። አላምነውም እንጂ።"

ማታውን እራት አልበላሁም። ልነግራት አፌን ከፍቼ "ቼሪው ዘንድሮ ጣፋጭ ነው" አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ ዕለት በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር፤ አሁን በየቀኑ አንድ ቃል እየተጨመረበት ነው።

ጁን 9

ከላይ "ልነግራት" ብዬ ጽፌያለሁ። ምን እንደምነግራት አልጻፍኩም። በገዛ ደብተሬም አልጻፍኩትም።

ጁን 20

ዘርኒጋር ብስክሌቷን ልትሸጥ ነው። ለእኔ ሳይሆን ለእናቷ ነው የነገረቻት። ጉል አንዳም "ተገላገልን" አለች፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም፤ የፈለገችው ይሄን አልነበር?

የሚገዛ ሰው እንዲፈልግላት ዘርኒጋር ዳውላት ሱቅ አድርሳዋለች። እኔን ሳትጠይቅ።

ጁን 24

ዳውላት በሚኒባሱ ሹፌር በኩል ላከብኝ፦ "መምህር ኒያት ሻህ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ስለ ኋላ ጎማው ነው።"

የኋላውን አላጠብኩትም ነበር።

ጁን 28

ሄድኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው።

"ያ አሊ መደድ" ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ሰላም አልኩት።

"መውላ አሊ መደድ። ግባ።" ጢሙ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። በማዶ እየሄድኩ አላየሁትም ነበር። የኋላውን ጎማ ከቸርኬው ፈልቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

"አሽትተው" አለኝ።

"ጉንፋን ይዞኛል።"

"እንግዲያው እኔ ልንገርህ። የእናቴ ፀጉር እንደዚህ ነበር የሚሸተው።" ጣቱን ቸርኬው ላይ አሽቶ ብርሃን ላይ አሳየኝ፤ ያብረቀርቃል። "እኛ እኮ ሁሉን በዚህ ዘይት ነው የምናክመው። ጉልበት ቢያም ዘይት፣ በር ሲጥ ሲጥ ቢል ዘይት፣ ሕፃን ቢነጫነጭ ዘይት። ልጅ ሆኜ እኔም ለጂፕ ጎማ አድርጌዋለሁ፤ አባቴ በመፍቻ ነው ጣቴን ያለኝ። ሳሙና ይደርቃል፣ መምህር። ደርቆ ጎማውን ቆንጥጦ ይይዘዋል። ዘይት መቼም አይለቅህም። ባጋደመች ቁጥር ጠርዙ ይንሸራተታል።"

"አላወቅኩም ነበር።"

"ስትቀባው አላወቅክም። የፊተኛው የት አለ?"

"አጠብኩት።"

"መቼ?"

"የመጣ ዕለት።"

"ያን ዕለት ታዲያ አውቀህ ነበር።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከሜይ 3 ጀምሮ አውቅ ነበር። ጠርዙ ከአውራ ጣቴ ሥር ሲንቀሳቀስ ነው ያወቅኩት። ይኸው ጻፍኩት።

ዳውላት በርጩማ ገፋልኝ። ተቀመጥኩ። "የወንድምህን ነገር ጠይቀኝ" አለኝ። "ዘጠኝ ዓመት ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅኩ።"

"ምን ሆነ?"

"ጎማው አልቆ ነበር። 'ይሄ ጎማ ጊልጊት አያደርስህም' አልኩት። 'አንዴ ብቻ፣ ስመለስ እቀይረዋለሁ' አለኝ። ያው ታውቀዋለህ፣ ሲስቅ እምቢ አይባልም። ለጠፍኩለት፣ አየር ሞላሁለት። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አንተ 'ገዳይ' ስትለኝ ግማሹ እውነት ስለነበር ነው ዝም ያልኩት።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉውን ነበር ያሸከምኩት። ግማሹ የጎሃር መሆኑን አንድም ቀን ልሰማ አልፈለግኩም።

"ለልጅቷ አልነገርኳትም" አለኝ ስነሳ። "የምነግራት እኔ አይደለሁም። ግን ስማኝ። እኔ ጥፋቴን ራሴ ነው የተሸከምኩት፤ አንተ ነህ የጫንክብኝ፣ እሺ። ያንተን ግን አሁን የተሸከመችው እሷ ናት፤ ያውም በተሰበረ ትከሻዋ።"

ጁላይ 5

ነገርኳት።

ጣሪያው ላይ አፕሪኮት እየፈለቀቀች ለማድረቂያ ትደረድር ነበር። እናቷም ነበረች። ለብቻዋ ልነግራት አስቤ ነበር፤ እንደገና ማሳበቢያ እንዳይሆንብኝ ብዬ በሁለቱም ፊት ተናገርኩ። ዘይቱን፣ "በሳሙና ነው" ማለቴን፣ ማጠቤን።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አለችኝ ዘርኒጋር።

"ሐኪም ቤት" ልል ነበር። እሱ ይቀል ነበር። "ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው" አልኳት። "ጎማው የተፋ ዕለት።"

የያዘችውን አፕሪኮት ከሌሎቹ ጋር አስተካክላ ደረደረችው። ፊቷን አላዞረችልኝም።

"ሰባት ሳምንት እጄን ስጠላው ነበር" አለች።

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ሲወጣ እንዴት ትንሽ እንደሆነ ገረመኝ። ተነስታ በመሰላሉ ወረደች።

ጉል አንዳም ቢላዋዋን ጠረገች። "'የሌላ ሰው እጅ አይነካውም' ብለኸኝ ነበር" አለችኝ። "እውነትህን ነው። አልነካውም።"

ጁላይ 6

ዘርኒጋር ቁርስ ላይ የለችም። ዳውላት ጋ ሄዳ ብስክሌቷን አምጥታለች። በማን ፈቃድ ብሎ የጠየቃት የለም።

ቦይ ዳር ሄጄ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ልብስ ማጠቡን አቁመው አዩኝ። ያቺ የሳቀችው "እኛስ ድሮም እሷ አትፈራም ብለን ነበር" አለች። ምን ይባላል።

ጁላይ 12

አታናግረኝም። ሻይ ግን ታስቀምጥልኛለች፤ ሳልጠጣው ሲቀዘቅዝ መጥታ ትደፋዋለች።

ጉል አንዳም አረንጓዴውን ጠርሙስ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

ጁላይ 19

ዘጠኝ ሳምንት ሞላ። ሐኪሙ ፈቀደላት። ዳውላት "ኮምፕሬሰሩ ያንቺ ነው፣ ነይ" ብሎ ልኮባት ነበር፤ "ቤት ነው የምሠራው" ብላ መለሰች።

ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት አየኋት። ሁለቱንም ቸርኬ በአመድና በሙቅ ውሃ ፈተገች፣ ፀሐይ ላይ አደረቀች፣ በጣቷ ዳስሳ እንደገና ፈተገች። ቸርኬው ውስጥ የሚለጠፈውን ፕላስተር ቀየረች። ጎማዎቹን ጣሪያ ላይ አሞቀች። ጠርሙሱን፣ ቱቦውን፣ የሳሙና ውሃውን ደረደረች። ነፋሱ ሳሙናውን እንዳያደርቅባት ከግንቡ ጥግ ነው የተቀመጠችው። ይሄ ለእኔ እንዴት አልመጣልኝም? ከነፋስ መከለል ብቻ ነበር።

ፖምፓውን ለመንፋት ሁለት ትከሻ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ የቀኙ አልቻለም። እናቷ ከበሩ ተነስታ ልትመጣ ስትል በእጇ መለሰቻት።

"አጎቴ" አለች፤ ወደ መስኮቱ ሳታይ።

ወረድኩ። ፖምፓውን ልይዝ ስል "ቆይ" አለችኝ። "እጅህን አምጣ።"

ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁላት። ጎንበስ ብላ አሸተተቻቸው፤ መዳፌን፣ ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን፣ ከዚያ የጣቶቼን መካከል። ልጅ ሳለች እኔ ነበርኩ ከምግብ በፊት የእሷን እንደዚህ የማየው። ከመውረዴ በፊት ታጥቤ ነበር፤ ቢሆንም ፈራሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከጁላይ 5 ወዲህ ዓይኔን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

"ንፋ" አለችኝ።